የካባው ዳገትና የጋሽ ኩርባ ፍሪሲዮን

እኔ ከምኖርበት ክፍል መስኮት ሥር የመካኒኩ ጋራዥ አለ። ጋራዥ ማለት ትንሽ ይበዛበታል፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ዘይት የጠጣ የሲሚንቶ ወለል፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተሰቀሉ መፍቻዎች፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ ወንበር። ከሥራ መልስ እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው የመካኒኩ ታላቅ ወንድም ነው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ኩርባ ይለዋል።

ስሙ የወጣለት በሾፌርነቱ ዘመን ነው። ስለ መንገድ ሲጠየቅ በኪሎ ሜትር ተናግሮ አያውቅም። «ምን ያህል ይርቃል?» ሲሉት፣ «ከድልድዩ ወዲያ ሰባት ኩርባ ነው፤ አምስተኛውን ግን አትመነው» ይላል። ኩርባዎቹን እንደ ዘመዶቹ ነበር የሚያውቃቸው። አንዱ አኩራፊ፣ አንዱ ደግ፣ አንዱ ዝናብ ሲነካው ጠባዩ የሚለወጥ።

በልጅነቱ በጭነት መኪና ረዳትነት ጀምሮ፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ በኋላ ሌሎች ሾፌሮች የሚሸሹትን መንገድ ሲነዳ ኖረ። አራቱም እግሯ የሚጎትት፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ የመስክ መኪና ነበረችው። ቀያሾችንና ጉድጓድ ቆፋሪዎችን ተራራ ለተራራ ያመላልስባት ነበር። አንድ ዝናባማ ቀን የመንገዱ ጠርዝ ከቀኝ ጎማዋ ሥር ተናደ። ተሳፋሪዎቹ ዘለው ወጡ፤ የአንዱ ክንድ ተሰበረ። መኪናዋ ተገለባብጣ ሞተሯ ድንጋይ ላይ ተሰነጠቀ። ጋሽ ኩርባን አንዲት ጭረት አልነካችውም። ከዚያ ወዲህ ግን መሪ አልጨበጠም። የመጋዘን ዘበኛ ሆነ። ለሌሎች ሾፌሮች በር ይከፍታል፣ በር ይዘጋል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ቀን ሱሪዬን ልታሳጥርልኝ ስትለካኝ፣ «ሰውዬው አልቆሰለም ይላሉ» አለችኝ፤ «እኔ ግን ከዚያ ገደል ግማሹን ነው ያመጡልኝ።»

መካኒኩ ወንድሙን በቃል ማባበል ሲያቅተው በብረት ሞከረ። ከተጣለች ትንሽ የጭነት መኪና ደህና ሞተር አገኘና የወንድሙን መኪና እየጎተተ ጋራዡ አስገባት። ጋሽ ኩርባ ሞተሩን ዞሮ ዞሮ አየው። አልተቆጣም፤ አልተደሰተምም።

«እሺ ግጠማት» አለ በመጨረሻ። «የካባውን ዳገት እኔው ራሴ እነዳታለሁ። ካቃተኝ ግን ለቁርጥራጭ ብረት ትሸጣታለህ። ከዚያ በኋላ ስለ መኪና አንዲት ቃል ብታነሳብኝ አንተም ወንድሜ አይደለህም።»

የካባው ዳገት ከሰፈራችን በላይ ድንጋይ ወደሚፈለጥበት ቦታ የሚያወጣው መንገድ ነው። አቀበቱ የበረታ፣ ጠባብ፣ በግራ ግድግዳ፣ በቀኝ ገደል። እንደዚህ ዓይነት ቃል ከጋሽ ኩርባ አፍ አንዴ ከወጣ አይመለስም። መካኒኩ ይህን ስለሚያውቅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፉጨቱን አቆመ። ቀድሞ ሲሠራ ያፏጭ ነበር።

ችግሩ ሞተሩ ከአንድ ቤት፣ የማርሹ ሳጥን፣ ካምቢዮው፣ ከሌላ ቤት መሆኑ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ፍሪሲዮኑ ነው። እኔ እንደገባኝ ከሆነ፣ ከሞተሩ ጫፍ ቮላኖ የሚባል ከባድ የብረት ክብ አለ። ከፊቱ ደግሞ ማጫኛ ሳህን አለ። በሁለቱ መካከል ሸራ የለበሰ ዲስክ ይገባል። ሁለቱ ብረቶች ሸራውን ጨምድደው ሲይዙት መኪናዋ ትሄዳለች፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ይለቁታል። ስለዚህ የብረቶቹ ፊት እንደ አጥንት ደረቅ መሆን አለበት። ቅባት ከነካቸው ሸራው ይንሸራተታል፤ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ጎማው አይሰማም።

መካኒኩ ቮላኖውንም ማጫኛውንም በቤንዚን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ንጹሕ ካርቶን ላይ አስቀምጦ ጨርቅ አለበሳቸው። ከዚያ የካምቢዮው ዘንግ ጫፍ የሚያርፍበትን የነሐስ ቀለበት ሊያመጣ ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሄደ።

ቀጥሎ የሆነውን ያወቅነው በኋላ ነው፤ ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ግን እዚሁ ልናገረው። ጋሽ ኩርባ ከዘበኝነቱ ተመልሶ ጋራዡ ባዶ ሆኖ አገኘው። መኪናዋ እዚህ ከመጣች ጀምሮ አንድ ልማድ ነበረው፤ የተፈታ ብረት ሁሉ ዝገት እንዳይበላው ዘይት በነካ ጨርቅ ይወለውላል። አይነዳት እንጂ አንድ ቡሎኗን እንኳን ሳይወለውል አይተኛም። ጨርቁን ገለጥ ሲያደርግ ቮላኖው ራቁቱን ያብረቀርቃል። ሰማዩ ደግሞ ዳመና አርግዟል። አዘነለት። ስስ አድርጎ፣ ለዓይን እንኳን በማይታይ መጠን፣ ዙሪያውን በዘይት ጨርቅ አሻሸው። ማጫኛውንም አልረሳውም። ከዚያ ጨርቁን መልሶ እንደነበረ አለበሳቸው።

መካኒኩ ቀለበቱን ይዞ ተመለሰ። በገዛ እጁ ያጠበውን ነገር ለምን ይጠርጥር? ጨርቁን ገለጠና ገጠመው።

በማግስቱ ካምቢዮው ተራው ደረሰ። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ክሪክ ስላልነበረ፣ የመኪና ማንሻውን ክሪክ አናት ላይ የጎማ ቁራጭ አድርጎ ካምቢዮውን በሰንሰለት አስሮበታል። መካኒኩ በጀርባው ከሥሩ ተኝቷል። እኔ የእጅ ባትሪ እንዳበራ ተጠራሁ። ጋሽ ኩርባ መኪናዋ ውስጥ ሆኖ፣ ማርሹ በሚወጣበት የወለል ቀዳዳ ቁልቁል ያያል። የተንበረከከው ግን በተሳፋሪው በኩል ነው። የሾፌሩ ወንበር ባዶ ነበር።

«ጎረቤት! ባትሪውን ብረቱ ላይ አብራ እንጂ፣ ዓይኔ ውስጥ ምን አስቀምጠህ ጠፋብህ?» አለኝ መካኒኩ።

«ይቅርታ።»

«ትንሽ ወደ ግራ» አለ ጋሽ ኩርባ ከላይ። «አፍንጫውን ቀና። ያዝ። ያዝ አልኩህ!»

የካምቢዮው ዘንግ በሸራው መሃል ባለው ጥርሳም ቀዳዳ አልፎ ነሐሱ ውስጥ መግባት አለበት። ገባ ገባ ብሎ የጣት ውፍረት ያህል ሲቀረው ቆመ። መካኒኩ ገፋው። እምቢ አለ። በትከሻው ገፋው። ላቡ ወደ ጆሮው ይወርዳል።

«በቡሎን ልሳበው» አለ። «ዙሪያውን ባጠብቀው ሳይወድ በግዱ ይገባል።»

«እንዳትነካው! ጥርሱ አልገጠመም። በግድ ከሳብከው ወይ ሸራው ይጣመማል፣ ወይ የካምቢዮው ጆሮ ይሰነጠቃል።»

«ታዲያ እዚህ ቤት ልሥራ ነው?»

«ማርሽ አስገባና ኋላውን በእጅህ አዙረው። ቀስ ብሎ ጥርሱን ይፈልጋል።»

ክሪኩ ያን ጊዜ ተነፈሰ። ሲስ የሚል ድምፅ ነው የሰማሁት። ካምቢዮው ኋላው ዝቅ፣ ሰንሰለቱ ደግሞ ላላ አለ። መካኒኩ ሁለት እጁን ሰደደ፤ ግን ያ ሁሉ ብረት በሁለት እጅ የሚያዝ አይደለም። እኔ ባትሪውን ይዤ እንደ ምሰሶ ቆሜ ቀረሁ። ጋሽ ኩርባ ከመኪናዋ እንዴት እንደወረደ አላየሁም፤ ያየሁት ሥሯ ገብቶ በትከሻው ደግፎ ጥርሱን ነክሶ ሲያቃስት ነው።

«አዙረው!» አለ። «ቶሎ አዙረው፣ ወገቤ የአንተ መሰለህ?»

መካኒኩ የካምቢዮውን ኋላ ያዘና አዞረው። አንዴ፣ እንደገና። ጥርቅ አለ። ዘንጉ እንደ ቅቤ ሰተት ብሎ ገባ። ከዚያ መካኒኩ ሥሯ እንደተኛ፣ «ጎረቤት» አለኝ፣ «አሁን ባትሪው በጣም ጥሩ ቦታ ነው ያለው።» ባትሪው ጣሪያው ላይ እያበራ ነበር።

ሁሉም ቡሎን ከታሰረ በኋላ መካኒኩ ከሥር ሆኖ የፍሪሲዮኑን መላወስ ማየት ፈለገ።

«ወንድምጋሼ፣ እስቲ ፔዳሉን ርገጥልኝ።»

ጋሽ ኩርባ የሾፌሩን በር ከፈተ። ወንበሩን አየው። ከዚያ በሩ ሥር መሬት ላይ ተንበረከከና ፔዳሉን በሁለት መዳፉ ተጫነው። መካኒኩ ከሥር ሆኖ በወለሉ ቀዳዳ በእግር ፈንታ እጅ አየ። ዓይኑ ከእኔ ዓይን ጋር ተጋጨ። «ጥሩ ነው፤ ልቀቅ» ብቻ አለ።

መካኒኩ ራሱ ግቢው ውስጥ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ነዳት። እንደ ሙሽራ ሄደችለት። በሜዳ ላይ ያ ስስ ዘይት ምንም አላሳበቀም።

ወደ ካባው የሄድነው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። እስከ ዳገቱ ሥር መካኒኩ ነዳ። ከኋላ በአሸዋ የተሞሉ ጆንያዎች ተጭነዋል፤ ዳገቱን ባዶዋን ብትወጣው ዋጋ የለውም ብሎ ነው።

«ጎረቤት፣ አንተም ግባ፤ ለክብደት ትሆናለህ።»

«እኔ ምን እመዝናለሁ ብለህ ነው?»

«ከነፍርሃትህ ይበቃል።»

ዳገቱ ሥር ስንደርስ ልብስ ሰፊዋ ቆማ አገኘናት። አልመጣም ብላ ምላ ነበር። አንገቷ ላይ የመለኪያ ሜትሯ ተንጠልጥሏል።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አላት ጋሽ ኩርባ።

«ክር ልገዛ ነው።»

«ካባ ውስጥ ነው ክር የሚሸጠው?»

«አንተ ወጥተህ እስክትወርድ ሱቅ ይከፈታል» አለችና እጇን አጣምራ ፊቷን አዞረች።

መካኒኩ ከመሪው ወረደ። ጋሽ ኩርባ መኪናዋን በፊቷ በኩል ዞረ። ጎማውን በእግሩ መታ፤ መስታወቱን ነካ ነካ አደረገ፤ ምንም የማያስፈልገውን ኮፈን ጫን ጫን አደረገ። ጊዜ እየገዛ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በመጨረሻ ገባና ተቀመጠ። መሪውን ሲጨብጥ የጣቶቹ መገጣጠሚያ ሲነጣ ከኋላ ሆኜ አየሁ።

«ስንት ኩርባ ነው?» አለ መካኒኩ፣ ልቡን ሊያረጋጋለት።

«ሦስት። አፍህን ዝጋ።»

በአንደኛ ማርሽ ተነሳን። የመጀመሪያውን ኩርባ ስንዞር ጋሽ ኩርባ ትከሻው ወረድ አለ። ሞተሩ ደህና ያጉረመርማል። መካኒኩ ወደ እኔ ዞሮ ጥቅሻ ጣለ። ሁለተኛውን ኩርባ አልፈን መንገዱ ወደ ሰማይ ቀና ሲል ግን የሞተሩ ድምፅ በአንዴ ከፍ አለ። ጮኸ። መኪናዋ ግን በዚያው ልክ ዘገየች።

«ምንድነው?» አለ መካኒኩ።

ጋሽ ኩርባ ነዳጁን ቀነሰ፤ ጨመረ። ሞተሩ አበደ፤ መኪናዋ ልትቆም ተቃረበች። የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል ሽታ ከወለሉ ተነሳ።

«ይንሸራተታል! ፍሪሲዮኑ ነው፣ ልቀቀው፣ ሸራውን ትጨርሰዋለህ!» አለ መካኒኩ።

ጋሽ ኩርባ ፍሬን ያዘ። ቆምን። የእጅ ፍሬኗ ገና ስላልተስተካከለ የያዘን የእሱ ቀኝ እግር ብቻ ነው። ከኋላችን ዳገቱ አሁን ቁልቁለት ሆኗል። በቀኝ በኩል በመኪናዋ የጣሪያ ሸራ ቀዳዳ ስመለከት ያየሁት አየር ነው። ነፍሴ ውጪ ግቢ አለች።

«ውረዱ» አለ ጋሽ ኩርባ በቀስታ። «ድንጋይ አድርጉላት።»

እኔ ለመውረድ ሁለተኛ ትእዛዝ አላስፈለገኝም። ሁለት ትላልቅ ድንጋዮች ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ወሸቅን። መካኒኩ ወደ ሾፌሩ በር ሮጠ።

«ወንድምጋሼ፣ ድንጋዩ ይዟታል። አሁን ውረድ፤ እኔ ላውርዳት።»

የጋሽ ኩርባ እግር ፍሬኑ ላይ እንደተጫነ ነው። የሸሚዙ ጀርባ ላብ ጠጥቶ ቆዳው ላይ ተለጥፏል። ዓይኑ ቀኝ መስታወቱ ላይ ነው። መስታወቱ ውስጥ የሚታየው የመንገዱ ጠርዝ ነው።

«ውረድ ካልክ እወርዳለሁ» አለ። «ግን አንተ ቁልቁል፣ ጭነት ይዘህ፣ ወደ ኋላ ነድተህ ታውቃለህ?»

መካኒኩ ጋራዥ ውስጥ ካልሆነ በቀር ወደ ኋላ ነድቶ አያውቅም።

«እኔ አውቃለሁ» አለ ጋሽ ኩርባ፣ ለእኛ ሳይሆን ለራሱ የሚነግር ይመስል። «ድንጋዩን አንሱልኝ።»

«ወንድምጋሼ!»

«አንሱት አልኩ። አንተ ከታች ሁንና ጠርዙን እይልኝ። ጎረቤት ግድግዳውን። ማንም እንዳይጮህ። በእጃችሁ ብቻ።»

ድንጋዩን አነሳን። በሩን ከፍቶ ግማሽ አካሉን ወደ ውጭ አወጣ፤ አንድ እጁ መሪው ላይ፣ አንገቱ ወደ ኋላ። መኪናዋ እንደ ኤሊ መውረድ ጀመረች። ፍሬኑ ይነጫነጫል። መካኒኩ በጠርዙ በኩል ወደ ኋላ እየሄደ በመዳፉ «ና፣ ና» ይለዋል። ወደ ሁለተኛው ኩርባ ስትገባ የኋላ ቀኝ ጎማዋ ወደ ጠርዙ ተሳበ። ትንሽ ጠጠር ተንኮታኩቶ ወደ ገደሉ ወረደ። መካኒኩ አፉን ከፈተ፤ አትጩሁ ስለተባለ ግን ድምፅ አላወጣም፤ ሁለት እጁን ብቻ ወደ ላይ ወረወረ።

ቆመች።

ከጎማው ሥር አፈሩ ዝርግፍ፣ ዝርግፍ ይላል። ያ የመጀመሪያው አደጋ እንደዚሁ እንደነበረ ትዝ አለኝ፤ ቀኝ ጎማ፣ የሚናድ ጠርዝ። ጋሽ ኩርባም ትዝ እንዳለው ከፊቱ አወቅሁ። ፊቱ አመድ መሰለ። አሁን ዘሎ ይወጣል ብዬ ጠበቅሁ። በሩ እንደሆነ ክፍት ነው፤ አንድ እግሩን ማውጣት ብቻ ነበር የሚበቃው።

አልወጣም። እንዲያውም አካሉን ወደ ውስጥ መልሶ ደህና አድርጎ ተቀመጠ። ወደ ኋላ መቀጠል አይቻልም፤ ትንሽ ወደ ፊት ስቦ ጎማዋን ማቅናት አለበት። ወደ ፊት የሚስባት ደግሞ ያው የከዳው ፍሪሲዮን ነው። ሞተሩን ሳያጠፋ ፍሬኑን እንደያዘ ጠበቀ። ምን እንደሚጠብቅ አልገባኝም። መካኒኩ ግን ገባው፤ ሸራው እስኪቀዘቅዝ ነው። ከታች ልብስ ሰፊዋ ወደ እኛ ስትወጣ አየኋት፤ ጫማዋን በእጇ ይዛለች።

ከዚያ ጋሽ ኩርባ ነዳጅ ሰጠ፤ ቁንጥር አድርጎ ብቻ። ፔዳሉን እንደ እንቁላል ለቀቀው። ሞተሩ አልጮኸም። ያዘ። መኪናዋ አንድ ክንድ ያህል ወደ ፊት ተንፏቀቀች። እንደገና መንሸራተት ሳይጀምር ፍሬን ያዘ። መሪውን አቀና። ወደ ኋላ ለቀቃት። ጎማዋ ከጠርዙ ራቀ፤ ኩርባውንም ዞረች። ከዚያ በኋላ አልቆመም፤ የቀረውንም አንድ ኩርባ እንደ ድሮው የሥራ ዘመኑ አለፈው። ሜዳው ላይ ደርሶ ሲያቆም መካኒኩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«በገዛ እጄ ነው ያጠብኩት» አለ። «ቮላኖውን በቤንዚን፣ ማጫኛውን በቤንዚን። ቅባት ከየት መጣ?»

«ሁለቱንም ቀብቻቸው ነበር» አለ ጋሽ ኩርባ ከመሪው ላይ ሆኖ።

«ምን?»

«ደርቀው አየኋቸውና ቀባኋቸው። በስሱ ነው።»

መካኒኩ ቀስ ብሎ ተነሳ። አንጀቱ አሮ ይሁን ሊስቅ ይሁን መለየት አቃተኝ። «ወንድምጋሼ፣ አንዲት መኪና ሙሉ ዘይት የሚወድ ብረት ነው! ዘይት የማይወድ አንድ ቦታ ነው ያለው። አንድ! እሱን መርጠህ?»

«ላዩ ላይ አልተጻፈበትም።»

ልብስ ሰፊዋ ከዳገቱ ተመልሳ ደረሰች። ትንፋሿ ተቆራርጧል። ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ጨርቅ ከመቁረጧ በፊት እንደምታየው ዓይነት።

«ወጣህ?» አለችው።

«አልወጣሁም።»

«ታዲያ ለምን ከመኪናው አትወርድም?»

የጋሽ ኩርባ እጅ አሁንም መሪው ላይ ነው። ጣቶቹ ግን ነጭ አልነበሩም።

«ዳገቱ ያቃተው ፍሪሲዮኑን ነው፣ እኔን አይደለም፤ እሁድ ትፈታዋለህ» አለ ወንድሙን፣ እሷን እያየ። «ሸራው ከተቃጠለ ሌላ ትፈልጋለህ። ብረቶቹን አንተ ታጥባለህ፤ እኔ እጄን ከኪሴ አላወጣም። ከዚያ ይቺን ዳገት እወጣታለሁ።»

«አሁን ግን ውረድ፤ የሚጎትተን መኪና ልፈልግ» አለ መካኒኩ።

«ለምን ይጎትቱናል? በሜዳ ቀስ ካልን ትሄዳለች። ግቡ።»

ልብስ ሰፊዋ ማንንም ሳትጠይቅ ፊት ወንበር ገባችና ጫማዋን ማድረግ ጀመረች። መካኒኩ ከእኔ ጋር ከኋላ፣ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ሰፈር እስክንደርስ ድረስ አንዱን ጣቱን ፊቴ ላይ አቁሞ፣ «አንድ ቦታ እኮ ነው፣ ጎረቤት፤ አንድ ቦታ!» እያለ ለፈለፈብኝ። ከፊት ያሉት ጆሮ አልሰጡትም፤ ጋሽ ኩርባ ለሚስቱ ወዲያ ማዶ ያለውን መንገድ በጣቱ እያሳየ የሆነ ነገር ይነግራት ነበር።